ከግንቡ ጥግ ያለው ሎሚ

ቅጠሉ ቢጫ ነበር። ግማሹ ብቻ።

በቤት ስሟ ጉንዳን የምትባለው ልጅ ከሎሚው ዛፍ ሥር ተንበርክካ አገላብጣ አየችው። የግራው ወገን ተዥጎርጉሮ ቢጫ ሆኗል፤ የቀኙ እንዳለ አረንጓዴ ነው። ሌላ ቅጠል ሳበች። እሱም እንደዚያው። ክው ብላ ቀረች።

ይህንን ቅጠል ታውቀዋለች። ትምህርት ቤታቸው በር ላይ ከተለጠፈ አንድ ወር በሆነው ፖስተር ላይ፣ «የብርቱካንና የሎሚ ገዳይ በሽታ» ከሚለው ጽሑፍ በታች ያለው ቅጠል ቁርጥ ይህንኑ ይመስላል። መድኃኒት የለውም ይላል ፖስተሩ። የታመመ ዛፍ ተቆርጦ ይቃጠላል።

«ጉንዳኔ! ረፈደብሽ እኮ!» አክስቷ በመስኮት ተጣራች። «ከሰዓት ያ የዕፅዋት ጤና ባለሙያ ይመጣል። ልጆቼን ሳሳየው እንድትኖሪ፣ ከትምህርት ቤት ቀጥ ብለሽ ነይ!»

«ልጆቼ» የምትለው ዛፎቿን ነው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ከባሕሩ መቶ እርምጃ አይርቅም፤ ጨው ያዘለው ነፋስ ቅጠል እንዳያቃጥልባት ግንብ አስገንብታ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ዛፍ አሳድጋለች። አንዱ ፍሬው እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጋ ትርንጎ ነው፤ ጠብታ ጭማቂ የለውም፣ ሽታው ግን ቤት ይሞላል። ሌላው ከነልጣጩ የሚበላ፣ አውራ ጣት የምታህል ብርቱካን ያፈራል። ሲቆረጥ ጭማቂው እንደ ዶቃ ፍሬ ፍሬ እያለ የሚወጣ ሎሚም አላት። የቀራት አንድ ነው፤ ሥጋው ደም የሚመስለው ብርቱካን። «እሱን ሳልተክል አልሞትም» ትላለች ሁልጊዜ።

ጉንዳን ልታስደስታት ነበር ያሰበችው። ከስምንት ወር በፊት፣ አፏ ስለማይዘጋ ሬዲዮ የሚሏት ጓደኛዋ፣ የዚያን ብርቱካን አንዲት ቅርንጫፍ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችላት። «ከአጎቴ ችግኝ ጣቢያ ነው። ተመርምሯል» አለቻት። ጉንዳንም አክስቷ እንዳስተማረቻት ከግንቡ ጥግ ያለውን የሎሚ ዛፍ ቅርፊት ሰንጥቃ፣ ቅርንጫፏን ሰክታ ከዛፉ ጋር እንድትጣበቅ በፕላስቲክ አሰረቻት። በወሩ ለመለመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉንዳን ምስጢሯን በሆዷ ይዛ ቀይ ብርቱካን ስትጠብቅ ከረመች።

በእረፍት ሰዓት ሬዲዮን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወሰደቻት።

«ያ ቅርንጫፍ ከየት ነው የመጣው? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ነገርኩሽ አይደል፣ ከአጎቴ…»

«ሬዲዮ!»

ሬዲዮ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ነገሩ የባሰ እንደሆነ ጉንዳን ታውቃለች።

«ከመርከቦች መብራት ማማው በላይ ካለው፣ ሰው ከማይኖርበት ከተዘጋው ግቢ ነው» አለች በመጨረሻ። «ፍሬው ቀይ ነበር። ደስ ይበልሽ ብዬ ነው እንጂ… አጎቴ ችግኝ ጣቢያ የለውም። ሹፌር ነው።»

«ታሟል። ዛፉ ታሟል።»

«ምን ታካብጃለሽ! ቁረጪና ጣይው። ከዚያ ጭጭ። ማን ያውቅብሻል?»

የቀሩትን ክፍለ ጊዜያት ጉንዳን አንድ ቃል አልሰማችም። ደወሉ ሲደወል ሮጠች። ቤት ስትደርስ የስፌት መኪናው እየጮኸ ነበር፤ አክስቷ አላየቻትም። ከመሣሪያ ሣጥኑ ቢላዋ አንሥታ ቅርንጫፉን ቆረጠች፤ በግንቡ ላይ አሻግራ ወረወረችው፤ የተቆረጠውን ቦታ ጭቃ ቀባችው።

ተነፈሰች። ቀና አለች።

ከጭቃው በላይ፣ በራሱ በሎሚው ቅርንጫፍ ላይ፣ ሌላ ግማሽ ቢጫ ቅጠል ነበር። ቀጠፈችው። ከጀርባው ሌላ። እሱንም ቀጠፈች። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። እሾሁ ጣቶቿን ጫራቸው፤ ቅጠሎቹ ግን ባየች ቁጥር የሚበዙ መሰላት። ኪሷ ሞላ። የግቢው በር ተንኳኳ።

ባለሙያው መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነበር። አክስቷ በየዛፉ እየመራች አስጎበኘችው። «ይኸውልህ ልጄ፣ ይሄ ባለ ጣቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ እጁን ዘርግቶ ሰላም ይላል!» ሳቀ። በማጉያ መነጽሩ ቅጠል እያገላበጠ፣ እየጻፈ፣ ወደ ጥጉ ተጠጋ።



«ይሄ ሎሚ ቅጠሉ ሳስቷል» አለ።

«ነፋሱ ነው» አለች ጉንዳን። የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

አክስቷ ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ ባለሙያው ተመለሰች። «ይሆናል። ሰሞኑን ነፋሱ ለጉድ ነው።»

ባለሙያው ራሱን ነቀነቀና ቅጹን አወጣ። «የመጨረሻ ጥያቄ፣ እናቴ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሌላ ቦታ የመጣ ቅርንጫፍ ወይም ችግኝ ወደ ግቢው ገብቷል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ከእኔ እጅ በቀር እነዚህን የነካ የለም።»

«እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ቀጥሎ ጎረቤቶችዎን አያለሁ። በሽታው ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው የሚሄደው በደቃቅ ነፍሳት ነው፤ ግንብ አያግዳቸውም።»

አክስቷ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ጉንዳን እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቅጠሎቹን ጨመቀች።  ዝም ብትል ሰውየው አሁን ይወጣል፤ በሩ ይዘጋል። አክስቷ ግን በገዛ እጇ የምትፈርመው የጉንዳንን ውሸት ነው።

«እኔ ነክቻለሁ» አለች።

እስክሪብቶው ቆመ። ጉንዳን ቅጠሎቹን አውጥታ ዘረጋች፤ ሁሉንም እየተንተባተበች ተናገረች። ባለሙያው ቅርንጫፉ ከየት እንደተቆረጠ ሲጠይቃት ስለ ተዘጋው ግቢ ነገረችው። ማን እንዳመጣው አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቀም። ከአሥራ አንዱም ዛፍ ቅጠል ለቅሞ በየከረጢቱ ከተተ፤ በግንቡ ማዶ የወደቀውንም ቅርንጫፍ ፈልጎ አነሣ።

አክስቷ አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። «እራት ቀርቧል»፣ «በሩን ዝጊ»፤ ከዚህ ያለፈ ቃል ሳይወጣት አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ጉንዳን በየቀኑ የስፌት መኪናው ሲቆም ትደነግጣለች፤ ሲነሣም ትደነግጣለች። ዱላ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ውጤቱ መጣ። ዘጠኙ ጤነኞች ናቸው። ሎሚው ታሟል፤ አጠገቡ ያለው ባለ ጣቱ ትርንጎም ታሟል። የተዘጋው ግቢ ዛፎች በሙሉ እንዲቆረጡ ታዘዘ። «ሁለት ወር ብንዘገይ ኖሮ ዘጠኙም አይተርፉም ነበር» አለ ባለሙያው። አክስቷ ወረቀቱን አጣጥፋ መርፌ መያዣዋ ሥር አስቀመጠችው።

በማግሥቱ ጧት መጋዝ የያዙ ሁለት ሠራተኞች መጡ። አክስቷ የሥራ ጓንት አጥልቃ፣ የትርንጎው ግንድ ሲወድቅ ጤነኞቹን እንዳይመታ ገመድ ታስርበት ጀመር።

«አንቺ ትምህርት ቤት ሂጂ» አለች ሳትዞር።

ጉንዳን እስከ በሩ ሄደች። መጋዙ ጮኸ።  ቦርሳዋን ከበሩ ሥር አስቀምጣ ተመለሰችና ከአክስቷ ኋላ ገመዱን በሁለት እጇ ያዘች።

አክስቷ ዞራ አየቻት። ሂጂ አላለቻትም።

«በይ ስልሽ ሳቢ» አለች።