መስኮቱ ክፍት ሆኖ የተሞከረው ካርድ

«እንግዲያው አዲሱን ካርድ እወስዳለሁ፤ አምስት ደቂቃ ቀላል ነው እንዴ!» አሉ የሠናይት አክስት እትዬ እቴነሽ በስልክ።

ሠናይት አብሯት ወደሚማረው ወደ ፋሲል ዞራ ፈገግ አለች። ፋሲል አልጋዋ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ አውራ ጣቱን ቀሰረላት።

«ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ቀጠሉ አክስቷ። «የኔ ክፍል ቆርቆሮ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ አያስቀምጥም። እናንተ ደብረ ታቦር ብርድ ላይ ሆናችሁ የሞከራችሁት እዚህ ሐሙሲትም ያው ነው?»

«ያው... ቆይ እትዬ፤ አንዴ ላረጋግጥና መልሼ ልደውልልዎ» አለች ሠናይት።

እትዬ እቴነሽ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራሉ። ከፋሲካ ወዲህ የተቀረጹ አራት ሰርጎች እጃቸው ላይ አሉ፤ ኮምፒውተራቸው ደግሞ አንዱን ሰርግ አቀናብሮ እስኪያወጣ ሙሽሮቹ ልጅ የሚያሳድጉ ይመስላል። ለዚህ ነው የቪዲዮ ሥራን የሚያፈጥን ግራፊክስ ካርድ ያስፈለጋቸው። የቱን እንደሚገዙ የሚመርጥላቸው ሰው ሲፈልጉም አሥረኛ ክፍል ያለችው የእህታቸው ልጅ ትዝ አለቻቸው። ሠናይት በዚህ ምርጫ አንድ ሳምንት ሙሉ ስትኮራ ሰንብታለች።

በፋሲል ታላቅ ወንድም በሙላቴ ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁለት ካርዶች ናቸው። አንዱ የአምናው ነው። ሌላውም እውነቱን ለመናገር የአምናው ነው፤ ስሙ ላይ አንድ ቃል ተጨምሮበት፣ ፍጥነቱን እዚያው ፋብሪካው ከፍ አድርጎለት፣ በቀይ ካርቶን ታሽጎ መጣ እንጂ። ዋጋውም አብሮት ከፍ ብሏል። ሙላቴ ሁለቱንም ለሙከራ ሲሰጣቸው «አዲሱ ከተሸጠ የአምናውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እስከ ኤግዚቢሽኑ ድረስ ሠናይት ትሥራበት» ብሏል።

ኤግዚቢሽኑ የትምህርት ቤቱ ነው። ሠናይት ጋፋት ላይ ብረት እንዴት ይቀልጥ እንደነበር የሚያሳይ የሦስት ደቂቃ አኒሜሽን ጀምራለች። በራሷ ኮምፒውተር ከሆነ በጊዜው አይደርስላትም፤ በአምናው ካርድ ግን ይደርሳል። ካርዱን ከመፈለጓ የተነሣ ሳጥኑን ትራሷ አጠገብ አስቀምጣው ነበር።

«ምኑን ነው የምታረጋግጪው?» አለ ፋሲል። «ለክተናል እኮ። አንዱን የሰርግ ቪዲዮ አዲሱ በሃያ ስድስት፣ የአምናው በሠላሳ አንድ ደቂቃ አወጣው።»

«አዲሱን ስንት ሰዓት ላይ ነው የሞከርነው?»

«ጠዋት ነዋ። አንቺ ነሽ ካርቶኑን ለመክፈት የቸኮልሽው።»

ጠዋት! ሠናይት መስኮቱን አየችው። እናቷ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ከመሄዳቸው በፊት የቤቱን መስኮት ሁሉ በርግደው ነው የሚወጡት፤ ቤት ታፍኖ ማደሩ ያንገበግባቸዋል። አዲሱን ካርድ ሲሞክሩ ሁለቱም ጋቢ ተከናንበው፣ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ እየነፈሰ ነበር። የአምናውን የሞከሩት ግን እናቷ ተመልሰው መስኮቱን ከዘጉት በኋላ፣ ፀሐይዋ ጣራው ላይ ስትወጣ ነው። ሠናይት አፈረች። ሳይንስ ክበብ ውስጥ ያለች ልጅ ይህን ትስታለች?

ጠመንጃ መፍቻውን አነሣች። የአምናውን ካርድ አውጥታ አዲሱን መልሳ ገጠመች። መስኮቱን እንደተዘጋ ትታ ያንኑ የሰርግ ቪዲዮ አስጀመረች።

ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የካርዱ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ መጮህ ጀመረ። እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ብታስጠጋው ትኩስ አየር ለበለባት። ሙቀቱ ሲጨምር ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ሄደ። ሲጨርስ ስልኳ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ይል ነበር።

«ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው» አለች።

«አንድ ደቂቃም ደቂቃ ነው» አለ ፋሲል እየሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «አታካብጂ ባክሽ። ካርዱ አልዋሸም። ፍጥነቱን የጨመረለት ፋብሪካው ነው፤ ዋስትናም አለው። እትዬ የአምናውን ራሳቸው ፍጥነቱን ልጨምር ብለው ቅንብሩን ቢነካኩ ያቃጥሉታል። በዚያ ላይ አንዴ ወስነዋል።»

«ልክ ነህ። ቀዝቃዛ ክፍል ላለው ሰው ጥሩ ካርድ ነው።»

«እና?»

«እሳቸው ቀዝቃዛ ክፍል የላቸውም።»

«የአምናውን ከወሰዱ አንቺ ምንም የለሽም እኮ!»

ሠናይት ይህን እሱ ሳይነግራት ታውቀዋለች። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ አክስቷም ቢሆኑ ከአሮጌው ኮምፒውተራቸው ስለሚሻላቸው ይመርቋት ነበር። የሚከብደውም ምርቃቱ ነው።

ደወለች።

«እትዬ፣ የአምናውን ይውሰዱ። በተረፈው ገንዘብ ለክፍልዎ ማራገቢያ ይግዙበት።»

«ምነው፣ ቅድም አዲሱ በጣም ይፈጥናል ስትዪኝ አልነበር?»

«ጠዋት አዲሱን ስንሞክር መስኮቱ ክፍት ነበር» አለች ሠናይት። «ስቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እንኳንም ስለ ቆርቆሮዬ ጠየቅሁ» አሉ አክስቷ እየሳቁ።

ፋሲል አዲሱን ካርድ ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ወደ ካርቶኑ መለሰና ሁለቱን ሳጥኖች ፌስታል ውስጥ ከትቶ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት። «ለሙላቴ ምን ልበለው?»

«የሆነውን።»

«ይናደዳል።» ፌስታሉን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። «ነገ ክፍል እንገናኝ» ብሎ ወጣ።

ሠናይት ካርድ አልባ ኮምፒውተሯን አስነሥታ የጋፋቱን አኒሜሽን ከፈተች። የመጀመሪያዋን ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ለይቶ እንዲያወጣ አዘዘችው። ስክሪኑ ላይ «የቀረው ጊዜ፦ ዘጠኝ ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጋቢዋን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ተከናነበችና ሄዳ መስኮቱን ከፈተችለት።