አግድም የበረረው አረር

አቶ ገብረወልድ የሞቱት ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጠው ነው። ጎህ ሊቀድ ሲል ፋኖሱ ጥላቸውን ሸራው ላይ ጥሎት ነበር። ከድንኳኑ ፊት ለፊት ካለው ኩይሳ ጀርባ የተተኮሰ ጥይት ሸራውን በስቶ ደረታቸውን መታ።

መቶ አለቃ ሁቃ ከነጌሌ ተጠርቶ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ዳዋ ወንዝ ዳር ካለው የአደን ሰፈር ሲደርስ ፀሐዩ ከሯል። መንገድ መሪው ጃታኒ እጆቹ ከራሱ በላይ ከግራር ቅርንጫፍ ጋር ታስረዋል። ያሰረው የሟቹ የአደን ሸሪክ አዳነ ነው።

«ነገሩ አልቋል፣ መቶ አለቃ» አለ አዳነ አንድ ቀለህ እያቀበለ። «ኩይሳው ሥር አገኘሁት። አንገቱ ቀይ የተቀባው የከባዱ ጥይት ነው። ከጃታኒ በቀር የሚተኩሰው የለም። መሰቀሉ ነው የቀረው።»

ሁቃ ወደ እስረኛው ዞረ። «ናጋ፣ ጃታኒ» ሲል በአገራቸው ቋንቋ ሰላም አለው።

«ናጋ የታለ? እጄን አታይም?»

«መቶ አለቃውን አንቱ በል!» አለ አዳነ።

«የታሰረ ሰው ማንንም አንቱ አይልም።»

«ገደልካቸው?» አለ ሁቃ።

«ጠመንጃ የሰጠኝ እሱ፤ ጎሽ ሲመጣ አብሮኝ የሚቆም እሱ። ለምን እገድለዋለሁ? የጥይት ቀበቶዬ ዛፍ ላይ ነው ያደረው፤ እጅ ያለው ሁሉ ይደርስበታል።»

ሁቃ ገመዱን ሊፈታለት እጁን ዘረጋ።

«ተው! ያሰረኝ ይፍታኝ።»

«እንደታሰርክ አውራጃ ፍርድ ቤት ብትቀርብ ገመዱ ወደ አንገትህ ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

ሁቃ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። የሸራው ቀዳዳ ክብ አልነበረም፤ የአረሩን ቁመት ያህል ረዝሞ ተቀዷል። ሲወጣ የጃታኒንና የአዳነን ጠመንጃዎች አስመጣ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለህ ይጎርሳሉ። የመወልወያውን ዘንግ ጫፍ በጨርቅ ጠምጥሞ በየተራ አፈሙዛቸው ውስጥ ገፋው። በጃታኒ ጠመንጃ ዘንጉ ቶሎ ቶሎ ዞረ። በአዳነ ግን ገና ብዙም ሳይዞር በሌላው በኩል ወጣ።

ምግብ አብሳይዋ እሙሽ ከጉልቻው አጠገብ ቆማ ታየዋለች።

«እኔንም ይጠርጥሩኝ እንጂ። ትናንት ጨው በዛ ቢሉኝ በጭልፋ ልላቸው ነበር።»

«ከአንቺ ሌላ የተጣላቸው አለ?»

«አዳነ ነዋ! በዚያች ቀላል ጥይቱ ጎሽ አቁስሎ ሸሸ። ጎሹ ከብት ጠባቂውን ጉዮን ረግጦ ገደለው። ጋሽ ገብረወልድም ትናንት ማታ ‹ነገ ለጉዮ ወገን ሽማግሌዎች እነግራለሁ፤ ለትከሻህ ሳስተህ ሰው አስፈጀህ› አሉት።»

«ለትከሻህ?»

«የጠመንጃ ርግጫ አይችልማ! ፎጣ አጥፎ ትከሻው ላይ ካላደረገ አይተኩስም። ያችን ላባ የመሰለች ጠመንጃም ለቀላል ጥይት ብሎ ነው ያሠራት። ዛሬ ደግሞ ሻዩን በግራ እጁ ጠጣ፤ ቀኙን ጅብ ወሰደው መሰል።»

ሁቃ ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰበሰበ። የዱቄት ከረጢት በሁለት ዛፎች መካከል አስወጠረና ኩይሳው ሥር በደረቱ ተኛ። ከጃታኒ ቀበቶ ባወጣቸው ሁለት ከባድ ጥይቶች ከሁለቱም ጠመንጃዎች ተኮሰ። ሁለተኛውን፣ የአዳነን፣ ሲተኩስ ትከሻውን ይዞ ተነሣ።

ከረጢቱ ላይ አንዱ ቀዳዳ ክብ ነው። ሌላው እንደ ድንኳኑ ቀዳዳ ረዝሟል።

«ክቡ የጃታኒ ነው፤ ረጅሙ ያንተ ነው፣ አዳነ» አለ ሁቃ። «አፈሙዝ ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር አለ። አረሩን እንደ እንዝርት እያሾረ ይሰደዋል። እንዝርት በደንብ ካልሾረ ይወድቃል። ያንተ አፈሙዝ ለአጭርና ቀላል አረር የተሠራ ስለሆነ ጥምዙ የላላ ነው። ረጅሙን አረር በበቂ አያሾረውም፤ አግድም ይበራል። ጃታኒን ልትወነጅልበት የሰረቅከው ጥይት በራስህ ላይ መሰከረ።»

አዳነ ሳቀ። «የአገርዎ ልጅ ስለሆነ ነው? ጠመንጃዬን እሱም ሊወስደው ይችላል!»

«የራሱ እያለው ያንተን ወስዶ፣ በሁሉ በሚታወቅ ጥይቱ ተኩሶ፣ ቀለሁን ጥሎልህ ሄደ? እሺ። ሌላም ነገር አለ። ጠመንጃ ቀሎ ጥይት ሲከብድ ርግጫው ይብሳል። በደረቱ የተኛ ሰው ደግሞ ትከሻው የሚሸሽበት የለውም። ዛሬ ፎጣህን ረስተሃል። ሸሚዝህን አውልቅ።»

«አላወልቅም! መብት አለኝ።»

«እሺ፤ ጃታኒን ፍታው።»

ሁሉም አዩት። አዳነ ወደ ቅርንጫፉ ቀኝ እጁን አነሣ፤ ክንዱ ከደረቱ አላለፈም። በግራው ብቻ ቋጠሮውን ሲታገል የሸሚዙ አንገት ተንሸራተተ። የሰደፉ ቅርጽ ትከሻው ላይ ጠቁሮ ታትሟል።

«ጠዋት ስታስረኝ ቁስልህ ትኩስ ነበር» አለው ጃታኒ ዓይን ዓይኑን እያየ። «አሁን ቀዝቅዟል። ፍታ! ጉዮ የሞተው አንተ ይህን ያህል እንዳያምህ ነው።»

አዳነ የገመዱን ጫፍ በጥርሱ እየጎተተ በግራ እጁ ፈታው። ፖሊሶቹ በዚያው ገመድ አሰሩት።

ጃታኒ አንጓውን እያሸ ጠመንጃውን ከኩይሳው ሥር አነሣ፤ የከለከለው የለም። ከዚያ ቅድም ያልመለሰውን ሰላምታ መለሰ።

«ናጋ፣ ሁቃ» አለ።

አንቱ ግን አላለውም።