በቀትር የታየው ነስረዲን

ወዳጆቼ፣ ፍቅር በምራቅ ይጀመራል ብላችሁ ማን ያምነኛል? የሀዲያ ግን እንዲያ ነው የጀመረው።

ሀዲያ ጌጃ ሰፈር መጋረጃ ሰፊ ናት። ሟች እናቷ የስኪዞፍሬንያ ታማሚ ስለነበሩ፣ ለዘር ጥናት ምራቅ እንድትሰጥ ልደታ ወዳለ አንድ ቢሮ ተጠራች። ምራቁን የሚቀበለው ነስረዲን የሚባል የላብራቶሪ ባለሙያ ነበር። ቀና ብሎ ሲያያት ፈገግ አለ፤ ግራ ጉንጩ ስርጉድ አለ። አፏ ክው ብሎ ደረቀ!

«እስከ መስመሩ ድረስ ትፊበት።»

«አልመጣልኝም...»

«ሎሚ አስቢ።»

«አንተ ዞር በልልኛ!»

ዞረላት፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። በስድስተኛው ወር ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

አንድ ነገር ግን ሀዲያን ያስፈራት ነበር። እናቷ ሰው በሌለበት ሰው ማየት የጀመሩት በሃያ ስምንት ዓመታቸው ነው። እሷም ዘንድሮ ሃያ ስምንት ሞላት።

አንድ ማክሰኞ በጠራራ ቀትር ከሰንጋ ተራ ጨርቅ ገዝታ ስትመለስ፣ ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ጥግ ነስረዲንን አየችው። ጠዋት ተላጭቶ የተለያት ሰው ፂሙ ደረቱ ደርሷል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ከአንድ ሰው ጋር ይማከራል። ከፊቱ ግን ማንም አልነበረም። ዞር አለ። ያው ዓይን፣ ያው አፍንጫ፣ ያው ስርጉድ። አያት፤ አላወቃትም።

ስልኳን አውጥታ ለነስረዲን ደወለች።

«ወዬ ሀዲዬ!» አለ ነስረዲን በስልኩ።

«የት... የት ነህ?»

«ቢሮ ነኝ። ምነው ድምፅሽ?»

ፊት ለፊቷ የቆመው ሰው ከንፈሩ አልተነቃነቀም። ስልኩን ዘጋችው። ይኼኔ ሰውዬው አንድ እርምጃ ቀረብ አለና፣ አሁን በስልክ በሰማችው ድምፅ፣

«አንቺም ይሰማሻል?» አላት።

ጨርቁን ጥላ ሮጠች። ተራዬ ደረሰ፣ አለች በልቧ። ለማን ይነገራል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰፋችው መጋረጃ ሁሉ ኋላ ሰው የቆመ ይመስላት ጀመር።

ሐሙስ ነስረዲን ሱቋ መጣ።

«ሽማግሌ እንዳትልክ» አለችው ፊቱን ሳታይ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰው ነገረሽ?»

ሀዲያ ደነገጠች። ምራቋን የተቀበለው እሱ ነው። «አንተም አውቀኸው ኖሯል!»

«ከመጀመሪያው ነበር... ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

«ውጣልኝ!»

ወጣ። ሁለት ቀን አለቀሰች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ቁርጧን ልትሰማ ቢሮው ሄደች።

«ውጤቴን ንገረኝ።»

«የምን ውጤት?»

«የዘሬን፣ የጂኔን ነዋ! እንደ እናቴ መሆኔን!»

«ሀዲያ፣ ምራቁ ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። የአንቺ የትኛው እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የደበቅከኝ?»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሷም ከዚህ በላይ መቻል አቃታት። «ነስሩ፣ ታምሜአለሁ። በስልክ እያወራኸኝ ፊቴ ቆመህ አየሁህ። ፂም አለህ፣ ብርድ ልብስ ለብሰሃል...»

ነስረዲን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እንባው መጣ።

«አልታመምሽም። ያየሽው ኑሪ ነው። መንታ ወንድሜ ነው፤ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ቀን ቀን እየወጣ ይዞራል።»

«ይህን ሁሉ ቀን ራሴን በቁሜ ስቀብር!»

«ትሸሺኛለሽ ብዬ ነው። አፍሬ።»

«ከእኔ? የእናቴን እያወቅህ፣ ከእኔ ታፍራለህ?»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ በቀስታ፣ «እኔና ኑሪ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ነን» አላት። «አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል መልእክት አድራሽ አለ፤ መልእክቱን የሚቀበሉት ተቀባዮች ደግሞ በጂን ነው የሚሠሩት፤ ይህ ሲዛባ ሰው የሌለውን ያያል። የእኔም የእሱም ጂን አንድ ነው። እሱ በሃያ ሁለት ዓመቱ እንደ እናትሽ ታመመ፤ እኔ እስከ ዛሬ ደህና ነኝ። ጂን ወደ በሽታው ያዘነብላል እንጂ አይፈርድም።»

«እኔስ?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ፣ አትታመሚም» ይላት ነበር። እሱ አላላትም፤ እንደዚያን ቀንም ወዳው አታውቅም።

«እንግዲያው ቃል ግባልኝ። ያየሁትን ስጠይቅህ፣ ከሌለ የለም በለኝ። እንዳታባብለኝ!»

«ወላሂ!»

ሽማግሌዎቹ እሁድ መጡ። የሀዲያ አጎት እንደ ደንቡ፣ «በዘራችሁ ሕመም አለ?» ብለው ሲጠይቁ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሀዲያ ከጓዳ ወጣች።

«አለ፣ አባባ። በእኛም ቤት አለ። ተነጋግረናል።»

አጎቷ ጥቂት አቀርቅረው ቆዩና ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ።

ኒካሁ ታሰረ። ኑሪም ሕክምና ጀምሮ ከእነሱ ጋር መኖር ቀጠለ። አንድ ዓርብ ቀትር ሀዲያ ቤት ውስጥ ጨርቅ ስትቆርጥ ቆይታ መቁረጫዋን አስቀመጠች።

«ነስሩ፣ በሩ ላይ ሰው ቆሟል?»

ነስረዲን ተነስቶ መጣና ከጎኗ ቆመ። አየ። ያቺ ጥቂት ጊዜ ዓመት ሆነችባት!

«ቆሟል» አላት። «ኑሪ ነው። ምሳ ደርሶ እንደሆነ ሊያይ ነው የመጣው።»

ሀዲያ ትንፋሿን ለቀቀች። ሄዳ ሦስተኛውን ሰሀን አመጣች።