አሥራ ሰባተኛዋ ልጅ

አሰልጣኟ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በመለማመጃው ክፍል፣ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠች ሞታ ተገኘች። የትምህርት ቤት አማካሪ ለመሆን ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚማሩ ሰዎች የሚሠለጥኑበት ክፍል ነው። ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ የአማካሪው ነው፣ ሌላው ችግሩን የሚናገረው የተማካሪው። ሃያ ዓመት አማካሪ ስታወጣ የኖረችው ሴት የተገኘችው በተማካሪው ወንበር ላይ ነበር።

ሐኪሙ አስም ነው አለ። ነገሩ በዚያው ሊዘጋ ነበር፣ ኢንስፔክተሯ ባትኖር። ባልደረቦቿ «ምስጥ» ይሏታል፤ ቀስ ብላ ውስጥ ውስጡን ስለምትበላ ነው። እሷም ስሙን አትጠላውም። በርጩማ ስባ ወጣችና የረጅሙን ቁም ሣጥን አናት በእጇ ዳበሰች። ከወፍራም አቧራ መካከል አቧራ ያልነካው ነገር ይዛ ወረደች። የሟቿ የአስም መድኃኒት ነበር፣ ፓፍ የሚሉት።

«ሴትዮዋ ከትከሻዬ አይበልጡም» አለች። «ትንፋሽ ያጠረው ሰው መድኃኒቱን እዚያ ላይ አይሰቅልም።»

በዚያ ጠዋት ከአሰልጣኟ ጋር ቀጠሮ የነበራቸው ሦስት ሰልጣኞች ብቻ ነበሩ። ኢንስፔክተሯ ተራ በተራ ጠራቻቸው።

መጀመሪያ የገባችው የሦስት ልጆች እናት ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጣቸው «እናትዬ» ይሏታል። ሦስት ሰዓት ገብታ አራት ሲሆን እንደ ወጣች፣ መድኃኒቱም እንደ ወትሮው ከትንሿ ጠረጴዛ ላይ እንደ ነበር እያለቀሰች ተናገረች። ዛሬ ተቆጥተውኛል አለች፤ ምክር ማብዛትሽን ተይና ስሚ ብለዋት ነበር።

ቀጥሎ የገባው የቀድሞ የሒሳብ መምህር ነው፣ ቅጽል ስሙም «ሒሳብ»። አሰልጣኟ የልምምድ ሰዓቱን ቅጽ ሦስት ጊዜ ሳትፈርም መልሳበታለች፤ እንደማይወዳትም አልደበቀም። ነገር ግን እስከ አምስት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ እንደ ነበር የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መሰከረለት። ኢንስፔክተሯ የሟቿን ማስታወሻ አሳየችው። የዛሬው ገጽ ላይ «አራት ሰዓት፣ አሥራ ሰባተኛዋ» ይላል።

«የምናማክራቸውን ተማሪዎች ስም አንጽፍም፤ በቁጥር ነው የምንመዘግባቸው» አለ። «እኔ ገና አሥራ አንድ ላይ ነኝ። እናትዬ ዘጠኝ ላይ ናት። ከአሥራ ሰባት ያለፈው ሦስተኛችን፣ ጨዋው ብቻ ነው።» ሌላም ጨመረ። ጨዋው ከሚለማመድበት ትምህርት ቤት አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ራሷን አጥፍታ ከተቀበረች ሳምንቷ ነው። እናቷ እስከ ዛሬ ምክንያቱን አታውቅም፤ በየበሩ እየሄደች ልጄ ምን ሆና ነበር ትላለች። ጨዋውንም ጠይቃው ነበር። ምንም አልነገረችኝም ብሎ መለሳት።

ጨዋው የሚባለው ለስላሳ ወጣት ነው፤ በር ሲዘጋ እንኳ በሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል።

«ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«አራት ከሃያ። ክፍል ስለነበረኝ ዓይኔ ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልተነሣም።»

«የት ተቀምጠህ ነበር?»

«እኔ በተማካሪው፣ እሳቸው በአማካሪው ወንበር። ሁልጊዜም እንደዚያ ነን። በኋላ ሌላ ሰው ገብቶ ይሆናል።»

«ሰዓቱን ዞረህ ነው ያየኸው?»

«አይ፣ ፊት ለፊቴ ነበር።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኢንስፔክተሯ አመስግና ሸኘችው።

ከምሳ በኋላ ሦስቱንም መለማመጃው ክፍል ሰበሰበቻቸው። መጀመሪያ እናትዬን፣ ሰዓቱ እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ለምን እንደ ሆነ ጠየቀቻት።

«ከተማካሪው ጀርባ ነው የሚሰቀለው» አለች እናትዬ። «እሱ እያለቀሰ እኛ ሰዓት ስናይ እንዳያየን። የእጅ ሰዓትና ስልክ እንኳ ውጭ ቅርጫት ውስጥ ትተን ነው የምንገባው።»

ኢንስፔክተሯ በተማካሪው ወንበር ተቀመጠች። «ከዚህ የሚታየኝ ቁም ሣጥኑ ብቻ ነው። ሰዓቱን ፊት ለፊት ያየ ሰው የተቀመጠው እዚያ ማዶ፣ በአማካሪው ወንበር ነው። አሰልጣኝ ደግሞ በዚህኛው የምትቀመጠው ሰልጣኙን ለማለማመድ ተማሪ ሆና ስትጫወት ነው።» ወደ ጨዋው ዞረች። «ዛሬ የትኛዋን ልጅ ሆነው ነበር? ከመዝገብህ አሥራ ሰባተኛው ገጽ ተቀዷል።»

ጨዋው ሲናገር ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነበር።

«ገጹን ትናንት አንብበውታል። እኔ እሷ ነኝ፣ በል አሁን አማክረኝ አሉኝ። የልጅቷን ቃል አንድ በአንድ ይሉት ጀመር። መሐል ላይ አላስተነፍስ አለኝ አሉ። እያስመሰሉ መስሎኝ ነበር።»

«መድኃኒቱን ከእጃቸው ነጥቀህ ቁም ሣጥን ላይ ያወጣኸውስ፣ እያስመሰሉ መስሎህ ነው?»

«ሊያመለክቱብኝ ነበር» አለ፤ እንባው ወረደ። «ለእናቷም ሊነግሯት ነበር። ከዚህ ሥራ ሌላ ምንም የለኝም።»

«ልጅቷ ምን አለችህ?»

«መኖር አልፈልግም አለችኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ምስጢር መጠበቅ የመጀመሪያው ትምህርታችን ነው።»

ሒሳብ ከወንበሩ ተነሣ። «ሕይወት ላይ ሲደርስ ምስጢር የለም የሚለውስ? እሱም የዚያኑ ቀን ነው የተማርነው።»

እናትዬ ግን አልጮኸችም። አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«የኔ ልጅ፣ ላንተ የነገረችህ እንድታስጥላት ነበር እኮ። ዝም እንድትላት ብትፈልግማ፣ እሷው ዝም ትል ነበር።»

ጨዋው ያን ጊዜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ፖሊሶች ደግፈው ወሰዱት። ሌሊት ሌሊት ሲያስበው የከረመው ይህንኑ መሆኑን ያየው ሁሉ ማወቅ ይችላል፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ኢንስፔክተሯ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። የልጅቷን እናት ቤት አድራሻ ይዛለች፤ እንዴት ብላ እንደምትነግራት ግን አታውቅም። በሥራዋ ዘመን ብዙ መርዶ ነግራለች፣ እንዲህ ያለ ግን ገጥሟት አያውቅም። ደረጃው ላይ ስትደርስ እናትዬ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለቻት።

«እናቷ ጋ ብቻዎን አይሂዱ» አለቻት። «እኔ ምንም አልናገርም። አጠገቧ እቀመጣለሁ።»