በልጅ ቁመት የተሰቀለ ደወል

በሰርማይ መንግሥት፣ በኦርዳን ከተማ፣ የንጉሡ በዓል በዋለበት ጠዋት አዋጅ ነጋሪው ገመዱን ቢስብ ታላቁ ደወል ተወዛወዘ እንጂ አልጮኸም። ደግሞ ሳበ። ከማማው ላይ አንዲት ርግብ እንኳ አልበረረችም። የከተማው ሽማግሌዎች ሽቅብ አንጋጠው ሲያዩ የደወሉ ምላስ ከሥሩ ተነቅሎ ጠፍቷል።

ደወሉ ተራ ደወል አልነበረም። የመጀመሪያዋ ንግሥት ስታሠራው በልጅ ቁመት እንዲሰቀል አዛ ነበር። ሕጉም አጭር ነው፤ የተገፋ ልጅ ደወሉን ይደውላል፤ በዙሪያው ያሉ ሰባት ቤቶች ይወጣሉ፤ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይሉ «ምን ደረሰብህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ነገሩ እስኪጣራም ልጁ ከሰባቱ በመረጠው ቤት ያድራል። የኦርዳን ልጆች ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ይህን ይማሩ ነበር። ኋላ ግን ሰዎቹ ደወሉን እናክብር ብለው በወርቅ ለበጡት፤ ወርቅ የለበሰ ነገር መሬት አጠገብ አይሆንም ብለው ደግሞ ማማ ሠርተው ሰቀሉት፤ ገመዱም ከልጅ እጅ ራቀ። ማክበር ማለት ለእነሱ ይህ ነበር! ከዚያ ወዲህ የደወለ ልጅ የለም። ሽማግሌዎቹም «ልጆቻችን ሰላም ናቸው» እያሉ ይመኩ ነበር።

ውዲላ ግን አልተመካችም። ቤቷ ከሰባቱ አንዱ የሆነ፣ የደወሉን ገመድ የምትፈትል ወጣት ናት። ሙናት የምትባል ወላጅ የሌላት ትንሽ ልጅ ከጎኗ እየተቀመጠች ቃጫ ታቀብላታለች። ሙናት የምታድገው በከተማው አበጋዝ በደርሶን ቤት ነው፤ ከክረምቱ ወዲህ መናገር ትታለች። አንድ ቀን ቃጫውን ስታቀብል እጅጌዋ ተሰበሰበና ውዲላ የአለንጋ ሰንበር አየች፤ በአሮጌው ላይ አዲስ። ወደ ሽማግሌዎቹ ሮጣ ነገረቻቸው።

«የሰው ቤት ገመና ነው፤ ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አሏት።

«እንግዲያው በበዓሉ ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት እኔው እደውላለሁ!» ብላ ወጣች። በበዓሉ ቀን የሆነውን አይተናል።

በሰርማይ ድምፅ ሲጠፋ የሚታሰበው አንድ ቦታ ነው። ከከተማው በታች ባለው ጥቁር ገደል ዋጥማ የሚባል አውሬ ይኖራል፤ ሰዎች የዋጡትን ቃል እየበላ የሚፋፋ። ውዲላ በአደባባዩ መካከል ቆማ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

«ሰማይና ምድር ይስሙኝ! የደወሉን ምላስ ሳልይዝ ብመለስ የኦርዳን ውኃ ጥሜን አይቁረጥልኝ፣ እሳቷም አያሙቀኝ!»

ከሕዝቡ መካከል ጎርሜን ብድግ አለ። የደርሶን ታላቅ ወንድም ነው። ሲፎክር ተራራ የሚመልስለት ስመ ጥር ጀግና፣ ጀርባውን ነብር ቧጭሮት ነብሩን በእጁ አንቆ ገደለ ተብሎ የተዘፈነለት። «እኔም እሄዳለሁ። ለምን ብለሽ ግን አትጠይቂኝ» አላት።

ገደሉን ሲወርዱ ድምፅ እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ የወፎቹ ዝማሬ ጠፋ፣ ቀጥሎ የእግራቸው ኮቴ። ድንጋይ ከእግራቸው ሥር ተንዶ ሲወድቅ ዓይናቸው አየ እንጂ ጆሯቸው አልሰማም። ውዲላ «ጋሼ ጎርሜን!» ብላ በኃይል ብትጮህ ከከንፈሯ የወጣው ሹክሹክታ ነበር። ብትወድቅ ማንም እንደማይሰማት ስታስበው ፈራች፤ ሙናት በየቀኑ እንዲህ መሆኗ ትዝ ሲላት ግን መራመዷን ቀጠለች።

ዋጥማ ከገደሉ ወለል ተጋድሞ አገኙት። ዓይን የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር አፍ ነው። የደወሉ ምላስ ከጉሮሮው መካከል ተቸንክሮ ያብለጨልጫል። ጎርሜን ጎራዴውን መዝዞ ቢሰነዝር ብረቱ ጭቃ ውስጥ የገባ ያህል በአውሬው ሥጋ ሰመጠና ቀረ።

«እኔ አልሰረቅሁም» አለ ዋጥማ፤ በዚያ ገደል ጥርት ብሎ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ብቻ ነበር። «አበጋዙ አንቺ እደውላለሁ ማለትሽን ሰምቶ በትከሻው ተሸክሞ አመጣልኝ። ሽማግሌዎቹም ሲሄድ አይተውት ዝም አሉ። መልስልን ካላችሁ ድምፅ ስጡኝ፣ ድምፅ ልስጣችሁ። የሰጠ ግን ዳግመኛ አይናገርም።»

ውዲላ ወደፊት ተራመደች። ጎርሜን ክንዷን ይዞ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ።

«አንቺ ለልጆቹ የምትከራከሪበት አፍ ያስፈልግሻል። ስሚኝ፤ የመጨረሻ ቃሌ ነውና አንዷም እንዳትወድቅብሽ። ጀርባዬን የገሸለጠው ነብር አይደለም። አባቴ ነው። ልጅ ነበርኩ፤ ደርሶን በር ሥር ተቀምጦ ያይ ነበር። የቤታችን ስም እንዳይጠፋ ብዬ ነብር ፈጠርኩ፣ ሰውም ዘፈነልኝ። ወንድሜ የአባቴን እጅ ሲወርስ አየሁ። የሙናትን ልቅሶ በግድግዳ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። መመታቴ ጥፋቴ አልነበረም። ዝምታዬ ግን የራሴ ነው፤ ዋጋውን እኔ ልክፈል።»

ይህን ብሎ አፉን ወደ አውሬው ከፈተ። ዋጥማ ያን ታላቅ ድምፅ በስስት ዋጠው። ነገር ግን ተደብቆ የኖረ ቃል የለመደ ሆዱ የተነገረ እውነት ሲገባበት አልቻለውም። ተንፈራገጠ፣ ገደሉ ተናወጠ፣ ከዚያ እየኮሰመነ ሄዶ ዓለት ሥር የቀረ ጥቁር ቆዳ ብቻ ሆነ። የደወሉ ምላስ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ኳ! አለ። ውዲላ ሰማችው። ጎርሜን ከንፈሩን ቢያንቀሳቅስ ግን ምንም አልወጣም።

ኦርዳን ሲደርሱ ደርሶን በማማው መሰላል ሥር ጎራዴ መዝዞ ቆሟል። ውዲላ ምላሱን ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ አሳየች፤ የጎርሜንንም ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ ተናገረች። «ደወሉም ወደ ልጆቹ ይወርዳል!» አለች።

«ከክብሩ አይወርድም!» አለ ደርሶን። «የሚነካውን አንገቱን እቆርጠዋለሁ!»

ጎርሜን ካባውን አውልቆ ባዶ ጀርባውን ለወንድሙ ጎራዴ ሰጠ። የደርሶን እጅ ወደ ላይ ወጣ፤ ዓይኑ ግን ያንን ጠባሳ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ጎራዴው ሳይወርድ ቀረ። ያኔ ከሰባቱ ቤቶች የአንዱ እመቤት መጥታ በሁለቱ መካከል ቆመች፤ ቀጥሎ ባሏ፣ ቀጥሎ ጎረቤቶቿ ሁሉ። ጎራዴውን ነጠቁት፤ በንጉሡ ችሎት እንዲቆም አስረው ወሰዱት።

ደወሉን ውዲላ በፈተለችው ገመድ አወረዱትና ምላሱን መልሰው በዝቅተኛ እንጨት ላይ ሰቀሉት። ሲወርድ ከማማው ስለተጋጨ ወርቁ ተላልጧል። ሙናት መጣች። ማንም አልገፋት፣ ማንም አላጣደፋት። ገመዱን ነካ አድርጋ ለቀቀች፤ ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ሳበችው።

ሰባቱ ቤቶች አንድ ላይ «ምን ደረሰብሽ?» አሉ።

«ይገርፈኛል» አለች ሙናት። ከክረምቱ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። «በውዲላ ቤት ነው የማድረው።»

ጎርሜን ከፊቷ ተንበረከከ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ልጅቱ ጀርባውን አየችና በቀስታ ጠየቀችው።

«እርስዎ ልጅ ሳሉ ሲመቱ ማን መጣልዎ?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

ሙናት ተመልሳ ገመዱን ያዘችና በሙሉ ኃይሏ ሳበችው። ሕዝቡ ግራ ተጋብቶ «አሁን ደግሞ የማን ነው?» አለ።

«የእሳቸው ነው» አለች።

ሰባቱ ቤቶች መጥተው ጎርሜንን ከበቡትና «ምን ደረሰብዎ?» ብለው ጠየቁት።