በጎን የተሳለው ወንድሜ

ይህ ተረት አይደለም። ማመን ያልፈለገ ይተወው፣ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ዓመቱ 1932 ዓ.ም.፣ ወሩ መጋቢት፣ ቦታው መተማ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት። ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ሰዓት።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔ አገኘሽ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ በመተማ ከወንዱም ከሴቱም እንደ እኔ ደፋር የለም። ስዕል ደግሞ ከሰዓሊ በላይ አውቃለሁ።

ጊዜው የድካም ጊዜ ነበር። ጣሊያን ከገባ አራተኛ ዓመቱ። ወንድሜ አዛናው አርማጭሆ ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ጋር ከተቀላቀለ ሁለት ዓመቱ። በሕይወት ይኑር ይሙት የሚነግረን አጣን። እናቴ አሰበች በልቅሶ ብዛት ዓይኗ ደክሞ፣ ሰው የምትለየው በእጇ ዳብሳ ሆነ። ወባው አንዱን ሲለቅ ሌላውን ይይዛል። ሰው ሁሉ ሲቀመጥም ሲነሳም ያቃስታል።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ዘሊካ ከአባቷ ከሷሊህ ሱቅ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ስኳር ሊጠቀለልበት የነበረ የጣሊያን የስዕል መጽሔት ሽፋን ነው። ካባ የለበሱ፣ ዓይናቸው ላይ ጨርቅ ያሰሩ ሁለት ጉልበተኞች ጎን ለጎን ይሮጡበታል።

«አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ወታደር፣ ነገረን» አለች ዘሊካ። «ሁለቱም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው አሉ። እዚህ ላይ ግን ተባብረው ነው።»

«እኛስ ከማን እናንሳለን?» አልኳት።

እኛም የየራሳችንን ጀግና ፈጠርን። የእኔ ባለ ቀንዱ ፈረሰኛ፣ ጥይት የማይበሳው። የእሷ የአትባራ ወንዝ ልጅ፣ ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ የምትተነፍስ። ተገናኝተው አያውቁም። እኔ ግን ለደብተሬ ሽፋን ሁለቱን አንድ ላይ በሰዓሊ ማሳል አማረኝ...

ከመሀላቸው ደግሞ አዛናውን።

ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በቀኝና በግራው የማይሞት ጠባቂ ከቆመለት፣ ወንድሜ ይመለሳል ብዬ ነው።

ሰዓሊው የኔታ ሙሉአለም ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው። ይስሉበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ከተቃጠለ ወዲህ፣ ወንዙ ዳር በጭራሮ በተሠራች ራኩባ ጥላ ሥር ተቀምጠው ብራና ይፍቃሉ።

«ስዕሉን እስክትረከቢኝ ድረስ በየቀኑ፣ ቀትር ላይ፣ አንድ እንስራ ውሃ» አሉኝ። ተስማማን።

«አዛናውን በጎን ይሳሉልኝ» አልኳቸው። «እንደዚህ እንደ ወረቀቱ፣ ሲሮጥ።»

እጃቸው ቆመ።

«በጎን?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ልጄ፣ ጻድቅ የሚሳለው ፊት ለፊት ነው፣ በሁለት ዓይኑ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የምንስለው ሰይጣንን ነው። ይሁዳን ነው።»

«ኧረ የኔታ! እርስዎ ደግሞ ዘመን አለፈብዎት። የስዕሉን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ፣ አውቃለሁ።»

የደከመ ሰው አይከራከርም።

«እንዳልሽ» አሉ።

በሰባተኛው ቀን አለቀ። ባለ ቀንዱ በቀኝ፣ እጁ ጎራዴው ላይ። የአትባራ ልጅ በግራ። ሁለቱም ባለ ሁለት ዓይን። አዛናው በመሀል፣ በጎን፣ ባንድ ዓይኑ። ቁርጥ እሱን! ቀለሙ እንዲደርቅ ብለው ብራናውን ምሰሶው ላይ ሰቀሉት።

በስምንተኛው ቀን ውሃዬን ተሸክሜ ስደርስ...

የባለ ቀንዱ እጅ ጎራዴው ላይ አልነበረም። አዛናው ትከሻ ላይ ነበር።

«የኔታ፣ እጁን ቀየሩት እንዴ?»

«እኔ?» አሉ ከተኙበት። «ወባዬ ተነስቶ፣ ከትናንት ጀምሮ ብሩሽ አልያዝኩም።»

ሙቀቱ ነው አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ከአትባራ ልጅ ጸጉር በታች ብራናው ረጥቧል። በጣቴ ነካሁት። በዚያ ሐሩር... ቀዝቃዛ ነበር።

አሁንም ሙቀቱ ነው አልኩ።

በአሥረኛው ቀን የአዛናው እግር፣ የኔታ በስዕሉ ዙሪያ ያሰመሩትን ሐረግ አልፎ ወጥቷል። ጣቶቹ ብራናው ጫፍ ላይ ናቸው። ሁለቱ ጠባቂዎች አዘንብለዋል። የያዙት ይመስላሉ።

ወይም የሚገፉት።

ለማንም አልተናገርኩም። ደፋር አይደለሁ?

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እንስራዬን ይዤ ልወርድ ስል የእናቴን እልልታ ሰማሁ። ቀጭን፣ የደከመ እልልታ።

«አገኘሽ! ነይ! ወንድምሽ መጣ!»

ሮጥኩ።

አዛናው መደቡ ላይ ተቀምጧል። በጎን። አቧራ የለበትም። ከአርማጭሆ ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው... አንድ ቅንጣት አቧራ የለበትም።

«አዛናው?»

«እ...»

«ዞር በል እስቲ፣ ልይህ።»

«ደክሞኛል።»

«ውሃ ላምጣልህ?»

«ውሃ አታስጠጊኝ።»

ድምፁ የእሱ ነው። ከንፈሩ ግን አልተንቀሳቀሰም።

በቀኙ ዞርኩ። አንድ ዓይን።

በግራው ዞርኩ...

ያው ዓይን። ያው ጉንጭ። ያችው የልጅነት ጠባሳ። አንገቱን አላንቀሳቀሰም፣ እኔ ግን የትም ብቆም የማየው ያንኑ ጎኑን ነው።

እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ፊቱን ትዳብሳለች።

«ከስቷል እንጂ ልጄ ነው» ትላለች።

«እማዬ» አልኳት በሹክሹክታ፣ «በዚያ በኩልም ዳብሽው እስቲ።»

እጇን ወደዚያኛው ጉንጩ ላከች። እጇ ሄደ... ሄደ... አየር ላይ ቆመ።

መልሳ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ጣቶቿ ላይ ቀይ ቀለም አለ። እርጥብ።

«እማዬ...»

«ዝም በይ!» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ዝም በይ።»

ጭኗን አስተካክላ ራሱን አስተኛችው። ክብደት እንደሌለው ነገር ወደቀላት።

እንስራዬን እንደያዝኩ ወንዙ ዳር በረርኩ።

ብራናው ምሰሶው ላይ ነው። ባለ ቀንዱ በቀኝ፣ የአትባራ ልጅ በግራ። መሀሉ ባዶ። ቀለም የነካው አይመስልም፣ የፍየሉ ቆዳ ብቻ።

ሁለቱም የአዛናውን ትከሻ የለቀቀ እጃቸውን ወደ እኔ እንደዘረጉ ናቸው። አራቱም ዓይኖቻቸው እኔን ያያሉ። ከባዶው ቦታ ግርጌ፣ ትናንት ያልነበረ ነገር ተስሏል...

አንዲት ትንሽ እንስራ። ቁርጥ የእኔን።

«የኔታ!» ጮህኩ። «ሁለተኛ ዓይኑን ይሳሉለት! እባክዎ! እናቴ አቅፋዋለች!»

በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ብራናውን አዩ። እኔን አዩ። የተገረሙ አይመስሉም፣ የደከሙ እንጂ።

«የት ላይ ልሳለው? በጎን ለተሳለ ፊት፣ ለሁለተኛ ዓይን ቦታ የለውም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ተመልሰው ጋደም አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«ስዕል አውቃለሁ ያልሽው አንቺ። ያዘዝሽውን ተረከቢ። ደግሞ ውሃዬ የታለ? እንስራሽ ባዶ ነው።»