ያልተገዛው የዓይን ጠብታ

ልጆች፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ቤተሰቧ «ካዝና» እያለ ይጠራታል። ካዝና ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? ገንዘብ የሚቆለፍበት የብረት ሣጥን ነው። እጇ የገባ ሳንቲም በቀላሉ ስለማይወጣ አባቷ በቀልድ አወጡላት፤ ስሙም በዚያው ጸና። የምትኖረው ከአባቷና ከእናቷ ጋር ነው፤ ቤታቸው ከአንድ ሕንጻ ደረጃ ሥር ያለ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛዋ ክፍል የአባቷ ሱቅ ናት፤ የኋለኛዋ ማደሪያቸው።

አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ወረንጦ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ብሎኖች፣ ዓይን ላይ የሚገጠም አጉሊ መነጽርም አለ። የእኔን ሰዓት ሁለት ጊዜ አስነሥተውልኛል፤ ስለዚህ የማወራው ስለማውቀው ሰው ነው። እናቷ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ቤት ልብስ ሲተኩሱ ይውላሉ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ገንዘቡ ግን ገባ ሲሉት ይወጣል።

ካዝና ስልክ ላይ ጎበዝ ናት። ጠቃሚ ድረ ገጽ ፈልጎ ማግኘት ይቀናታል። አንድ ጊዜ የቤታቸው ቧንቧ አላቋርጥ ብሎ ሲንጠባጠብ፣ እንዴት እንደሚጠገን ከአንድ ድረ ገጽ አነበበችና ጎማውን ቀይራ ዝም አሰኘችው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አባቷን አንድ አሮጌ ሰዓት አስቸገራቸው። እሷ የውስጡን ሥዕል ከነዝርዝሩ ፈልጋ አመጣችላቸው። ደብተር የሚረክስበትን ሱቅ ያገኘችውም እሷ ናት።

«ካዝናዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?» ይሏታል አባቷ።

እሷም ይህን ስትሰማ ልቧ ያብጣል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እነዚያ ድረ ገጾች ጥሩ ነበሩ። መቆጠብም ጥሩ ነው። እኔ ራሴ የተደፈነ መታጠቢያ መክፈት የተማርኩት ከድረ ገጽ ነው። «በአንድ ወር ጸጉር ያበቅላል» የሚለውን ቅባት የገዛሁትም ከድረ ገጽ ነው። ውጤቱን እያያችሁት ነው። ሳቁ፣ ሳቁ! እኔ የከሰርኩት ገንዘብ ብቻ ስለሆነ መሳቅ ይቻላል። የካዝና ግን አያስቅም።

አባቷ ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም ነበረባቸው። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ ሲያልፍ የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ድምፅም የለውም። ቀስ እያለ ብርሃንን ይሰርቃል፤ የሰረቀውንም አይመልስም። ግፊቱን የሚቀንስ ጠብታ አለ። ጠብታው የጠፋውን አያመጣም፤ የቀረውን ይጠብቃል እንጂ። አንዱ ብልቃጥ የሚበቃው ለአንድ ወር ብቻ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። አባቷ መግዣውን ለካዝና ይሰጧታል። መድኃኒት ቤቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገዷ ላይ ነውና።

አንድ ቀን ካዝና የመድኃኒቱን ገንዘብ ቦርሳዋ ውስጥ እንደያዘች አንድ ድረ ገጽ አገኘች። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፈገግ ብሏል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደላት እንዲህ ይላል፦ «ሐኪሞች የማይነግሯችሁ ምስጢር! በሃያ አንድ ቀን የዓይን ግፊትን ደህና ሰንብት በሉት! ውድ ጠብታ መግዛት ይብቃ!» መድኃኒት የተባለው የተፈላ ውሃና ጥቂት ጨው ነበር። ከታች ሰዎች አስተያየት ሰጥተዋል። «ተባረክ!» «እናቴ ዳነችልኝ!» «ስንት ገንዘብ አተረፍኩ!»

ካዝና አስተያየቶቹን እያነበበች ወደ ታች ወረደች። አንዲት ሴት ግን እንዲህ ጽፋለች፦ «እባካችሁ ይህን አትሞክሩ። አባቴ ጠብታውን ትቶ በዚህ ምክንያት ዓይኑ ጠፋ።»

ካዝና አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ በጣቷ ገፋ አደረገችውና ወደሚያስደስተው ተመለሰች።

«ገንዘቡን ባጠራቅም ለአባዬ ጥሩ የጠረጴዛ መብራት እገዛለታለሁ» ብላ አሰበች። «ያኔ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ!»

ሐሳቧ ክፉ አይመስልም፣ አይደል? ግን እውነቱን እንነጋገር። ከመብራቱ ይልቅ የናፈቃት ያ ሙገሳ ነበር። ለምን አባቷን አልጠየቀችም? ብትጠይቃቸው እምቢ እንደሚሉ ታውቅ ነበራ!

ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ውሃ አፈላች። አቀዘቀዘችው፤ ጨው ጨመረችበት። ያለቀውን ብልቃጥ አጥባ ሞላችውና ክዳኑን አጥብቃ ዘጋች። ገንዘቡን በፖስታ አድርጋ በሒሳብ ደብተሯ ውስጥ ደበቀችው።

ሲመሽ አባቷ ቀና ብለው ጠብ አደረጉ።

«እንዴ! ይሄኛው አያቃጥልም» አሉ። «የድሮው ትንሽ ያንገበግበኝ ነበር።»

«ተሻሽሎ መጥቶ ነው፣ አባዬ።»

«ተባረኪ፣ ልጄ።»

ልትነግራቸው ፈለገች፤ ግን ብልቃጡን ተቀብላ ክዳኑን ገጠመችበት።

በሁለተኛው ወርም እንዲሁ አደረገች። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ በር ላይ ቆመው ስታልፍ አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ጠብታውን ተዉት እንዴ? ጠፋሽብኝ።»

«ኧረ አልተወም፣ ጋሼ። ከሌላ ቦታ ነው የምንገዛው።»

አያችሁ? የመጀመሪያውን ውሸት ለመሸፈን ሁለተኛው መጣ። ከዚያ በኋላ መዋሸት ብዙም አልከበዳትም።

በአራተኛው ወር አባቷ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡ መስሏቸው አየር ላይ ለቀቁት። በቀኝ በኩል ያለው የበር ጠርዝ ትከሻቸውን መታቸው፤ በሳምንቱ እንደገና መታቸው። «እርጅና ነው» አሉ እየሳቁ። ካዝና አልሳቀችም። ሮጣ ወደ ድረ ገጹ ተመለሰች። እዚያ ላይ «መጀመሪያ የባሰ ሊመስል ይችላል፤ እየሠራ ስለሆነ እንዳታቋርጡ» ይላል። እሷም ይህችን ይዛ ቀጠለች። ልጆች፣ ቢሻልም ባይሻልም «እየሠራ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ሽሹ። እኔን ስሙኝ።

በስድስተኛው ወር አንዲት ደንበኛ የሟች እናቷን ሰዓት ይዛ መጣች። አባቷ ከፍተው መሥራት ጀመሩ። ወረንጦው ሳተ። እንደ ጸጉር የቀጠነችው ሞላ ተጣመመች። ሊያቃኗት ሲሞክሩ ተቆረጠች። አባቷ መነጽሩን ከዓይናቸው አውልቀው ለረጅም ጊዜ ሰዓቱን ተመለከቱ።

«ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ አድርጌ አላውቅም» አሉ።

ገና እኩለ ቀን ነበር፤ ሱቁን ዘጉ።

በማግስቱ ካዝና አባቷን እየመራች ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደቻቸው። አባቷ አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደገፉ። በውስጡ ትንንሽ መብራቶች ይበራሉ፤ መብራት ሲያዩ ቁልፉን መጫን አለባቸው። ካዝና ከኋላ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ግራ ዓይናቸው ሲመረመር ቁልፉ ጠቅ፣ ጠቅ ይል ነበር። ቀኙ ሲመረመር ጸጥ አለ። ካዝና «አሁን ይጫናል፣ አሁን ይጫናል» እያለች ጠበቀች። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዴ ጠቅ አለ፤ ከዚያ ምንም።

ዶክተሯ ወንበራቸውን ወደ አባቷ ጠጋ አደረጉ።

«ጋሼ፣ ልደብቅዎት አልፈልግም። የቀኝ ዓይንዎ እይታ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። አይመለስም። የግራውም ግፊት በጣም ከፍ ብሏል። ጠብታውን በየቀኑ ያደርጋሉ?»

«ኧረ አንድ ቀን አልዘለልኩም፣ ዶክተር። ይቺ ልጄ ናት የምትገዛልኝ።»

«እንግዲያው መድኃኒቱ እርስዎ ላይ አይሠራም ማለት ነው። ግራውን ቶሎ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አለብን። አደጋ አለው። የሚያዩበት እሱ ብቻ ስለሆነ አስቤበት ነው የምነግርዎት፤ ግን ሌላ መንገድ አይታየኝም።»

የስምምነት ወረቀቱን አቀረቡላቸው። አባቷ ብዕሩን ይዘው የሚፈርሙበትን መስመር በጣታቸው ይፈልጉ ጀመር። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ዝም ብትል ግን በእሷ ውሸት ምክንያት የቀረው ዓይን ቢላ ሊገባበት ነው።

«አባዬ፣ አትፈርም!» ብላ ጮኸች። «መድኃኒቱ አይደለም! ውሃ ነው! እኔ ነኝ ውሃ የሞላሁበት!»

እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች፤ ድረ ገጹን፣ ፖስታውን፣ የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ። ዶክተሯ ስልኩን ተቀብለው አነበቡ፤ እስከ ታች ድረስ ወረዱ።

«ይህቺ ሴትዮ የጻፈችውን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«በመጀመሪያው ቀን።»

አባቷ ብዕሩን አስቀመጡ። አልተቆጡም። ካዝና ቢገርፏት ይሻላት ነበር። ዶክተሯ ወረቀቱን መልሰው ወሰዱና፣ ትክክለኛውን ጠብታ ዛሬውኑ እንዲጀምሩ፣ በየሳምንቱም እንዲታዩ አዘዙ። «አሁንም ባትናገሪ ኖሮ ሳያስፈልግ እቀድ ነበር» አሏት። ይህ ሙገሳ አልነበረም፤ እሷም እንደ ሙገሳ አልሰማችውም።

አውቶቡስ ውስጥ አባቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። ቤት ሲደርሱ እናቷ ሰምተው «ምነው ልጄ፣ ምነው!» ብለው መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ካዝና ፖስታውን አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች። ማንም አልነካውም። በመጨረሻ አባቷ ተናገሩ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ደስ እንዲልህ ብዬ ነው፣ አባዬ። አፈር ልብላልህ፣ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ዓይኔ ግን አይመለስም። ሁለቱንም እወቂ።»

ካዝና ያን ቀን ጸለየች። «እግዚአብሔር ሆይ፣ የአባዬን ዓይን መልስለት» አለች። እግዚአብሔር ይቅር እንዳላት አምናለሁ። ዓይናቸው ግን አልተመለሰም። ይህን ለእናንተ መናገር ደስ አይለኝም፤ ሆኖም ውሸት እንደማይበጅ እየነገርኳችሁ እኔ ልዋሻችሁ አልችልም።

መድኃኒት ቤት ሄዳ ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ድረ ገጹ ላይም «የእኔ አባት ዓይኑ ጠፋ፤ አትሞክሩት» ብላ ጻፈች። ማታ ስታይ የጻፈችው ተሰርዞ ነበር። ደግማ ጻፈች፤ ደግሞ ተሰረዘ። የዚያች ሴት ጽሑፍ ሳያዩት ያመለጣቸው ነበር፤ ከሷ በፊት ስንት ሰው ጽፎ እንደተሰረዘበት ያኔ ገባት።

ከወር በኋላ የግራ ዓይናቸው ግፊት ወረደ፤ ቀዶ ሕክምናውም ቀረ። ነገር ግን አባቷ በአንድ ዓይን ጥቃቅኑን መሥራት አልቻሉም። ምርጥ መሣሪያዎቻቸውን ለሌላ ሰዓት ጠጋኝ ሸጡ። አሁን ባትሪና ማሰሪያ ብቻ ይቀይራሉ። እናቷ ጠብታውን ራሳቸው እየገዙ ትራሳቸው ሥር ያስቀምጣሉ፤ ካዝና እንድትነካው አልተፈቀደላትም። እሷም ለምን አላለችም።

አንድ አመሻሽ እናቷ ከሥራ ዘገዩ። የጠብታው ሰዓት ደረሰ። አባቷ ከትራሱ ሥር በዳበሳ ብልቃጡን አውጥተው ለመክፈት ሞከሩ፤ ክዳኑ ግን አልከፈት አላቸው። ካዝና ጥግ ላይ ቆማ ታያለች፤ ለመቅረብ ግን አልደፈረችም።

«እዚያ ነሽ?» አሉ።

«አለሁ፣ አባዬ።»

ብልቃጡን ዘረጉላት። «ነይ፣ አንቺ አድርጊልኝ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ።»

ካዝና ቀረበች። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ ማንም ግን አንብቢ አላላትም። አባቷ ራሳቸውን ወደ ኋላ ደገፍ አድርገው የቀረቻቸውን ዓይን ከፈቱላት።

ልጆቼ፣ ደስ ያለንን ወሬ ሁሉ እውነት ነው ብለን አንያዝ፤ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ፣ ከተሳሳትንም ሳንደብቅ ቶሎ እንናገር፤ ይቅርታ በደልን ያነሣል እንጂ የጠፋውን ሁሉ አይመልስምና።